ከበሩ ሥር ያለው ድጋፍ

ኅዳር 3

...አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ሴትዮዋ ቀና ብላ እጇን ያወዛወዘችው ለእኔ አልነበረም። ለድምፅ ማጉያው ነበር። እኔ ከላይ ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጬ አያታለሁ፣ እሷ ምሰሶው ላይ ላለው ቆርቆሮ ፈገግ ትላለች። "መልካም መንገድ" ስላልኩ ይሆናል። ለሁሉም ነበር ያልኩት። እሷ ግን ለብቻዋ ወሰደችው... ዛሬ ከምን ተነስታ ትዝ አለችኝ?

በመነኻሪያው አሁን በእኔ ቦታ የሚናገረው የተቀዳ ድምፅ ነው። የሴት ድምፅ። ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። አይስልም፣ አይሳሳትም፣ ሻይ አያምረውም። እኔን ትኬት መቁረጫው ጋ አስቀመጡኝ። ቀኑን ሙሉ የምለው "የት?" ብቻ ነው።

ከሥራ ወጥቼ አናጢው ጋ። ከወርክሾፓቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች መጽሐፍ እያነበብን እንቀዳለን። ለዋናው ጽሕፈት ቤት እንልካለን፣ ዋናው አባዝቶ በየአገሩ ያከፋፍላል። ይባላል። ስንጀምር ብዙ ነበርን። አሁን እኔ፣ ፋርማሲስቷና ጋሼ አናጢው። እሳቸውም አያነቡም፣ ሁልጊዜ መነጽራቸውን ፍለጋ ላይ ናቸው። ማን እንደሚሰማን አናውቅም። ከአንዷ በቀር።

ቤት ስገባ የታላቅ እህቴ የእትዬ በር ዝግ ነበር። ከውስጥ የራሴ ድምፅ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ደህና ያነባል ሰውዬው።

ኅዳር 6

ነፋስ። አንዱን ገጽ ደጋግመን ቀዳን።

ክፍሏ መስኮት የላትም። በሩ ከተዘጋ አየር የለም፣ እጀታውም ስለተሰበረ ከውስጥ አይከፈትም። አንዴ ፋርማሲስቷ ተዘግቶባት፣ ጋሼ እንጨት ገዝተው እስኪመለሱ ሙሉ ምዕራፍ አንብባ ጠበቀቻቸው። "ፍርሃት ነው ያስነበበኝ" ትላለች። ስለዚህ በሩ ሁልጊዜ ክፍት። ክፍት አድርጎ የሚይዘው ደግሞ ድጋፉ። የወፍጮ ድንጋይ ስባሪ ነው፣ በሁለት እጅ የሚነሳ። ማን ድጋፍ ብሎ እንደሰየመው አላስታውስም። "ድጋፉን አምጣው።" "ድጋፉ እግሬን መታኝ።" ሌላ ሰው ቢሰማን ምን ይለን ይሆን?

በክፍቱ በር መንገዱ እንዳለ ይገባል። ቁልፍ ቀራጩ፣ ሞተር ሳይክሉ። መጽሐፉ የአንድ ሰዓት ሠሪ ቤተሰብ ታሪክ ነው፣ ወፍራም። የሰውዬው ሚስት ነፍሷ ልትወጣ ስትል ውጭ አንዱ "ቲማቲም! የበሰለ ቲማቲም!" አለ። እንዳለ ተቀዳ። ፋርማሲስቷም ተራዋ ሲደርስ ትሮጣለች፣ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምትነግር። ጋሼ "አንቺ ስታነቢ ሴትዮዋ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ የምትሞት ነው የሚመስለው" አሏት።

ኅዳር 11

መቅረጫው ሞተ። አረንጓዴዋ መብራት ሁለቴ ብልጭ አለች፣ ጠፋች።

ጋሼ እጃቸውን ሲሰዱ ጮህኩ። "ምን ያስደነግጥሃል አቶ ተሳፈሩ? መዶሻ አልያዝኩ!" (ከመነኻሪያው ያመጣሁት ቅጽል ስም።)

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ከፈተው፣ አየው፣ ዘጋው። "ነፍሱ ወጥታለች። ከእኔ የሚጠበቀው ለቅሶ መድረስ ብቻ ነው።"

መጽሐፉ ግማሽ ላይ ነው። እትዬ የመጨረሻውን ፍላሽ ጨርሳለች። "ቀጣዩስ?" አለችኝ ከበሩ ጀርባ። "በዚህ ሳምንት" አልኳት። ለምን ዋሸሁ?

ኅዳር 14

"እኔው ልቀመጥና ላንብብልሽ" አልኳት።

"አይሆንም።"

"ያው እኔ ነኝ እኮ፣ እትዬ። ድምፁ የእኔ ነው።"

"አይደለም። አጠገቤ ሆነህ ስታነብ ታዝንልኛለህ። እዚያ ውስጥ ሆነህ ግን አታዝንም።"

እውነቷን ነው።

ያን ሁሉ ዘመን ሕፃናትን ፊደል ያስቆጠረች ሴት። ዓይኗ ቀስ እያለ ሄደ። መጀመሪያ መንገዱን ተወች፣ ከዚያ ግቢውን። ከዚያ ኮሪደሩን። አሁን አንድ ክፍል ቀርቷታል፣ እና ያ ግማሽ መጽሐፍ። እሱም ከቀረ...

አልጽፈውም።

ኅዳር 20

በምሳ ሰዓት ዋናው ጋ ደወልኩ። ቁጥሩን እየጀመርኩ ስተው ስተው ቆይቼ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ "ተሳፈሩ" ስል የኖርኩ ሰው፣ "እርዱን" ለማለት ላብ ያጠምቀኛል።

አንዲት ሴት አነሳች። ተናገርኩ። መቅረጫው፣ መጽሐፉ፣ ክፍሏ። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ፦

"እናንተ እኮ ድጋፍ አላችሁ።"

"ማን? እኛ?"

"ባለፈው ዓመት ለየቡድኑ እየደወልን ጠይቀናል። ከእናንተ ዘንድ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ ያነሱት። 'ድጋፍ አለን፣ ከበቂ በላይ ነው' አሉን። ስለዚህ ለሌሎቹ ቅድሚያ ሰጠን።"

ወረቀት ስታገላብጥ ሰማሁ።

"እንዲያውም ምን እንዳሉ ልንገርዎት? 'ትንሽ ቀለል ቢል ይሻለን ነበር፣ እግራችንን ጨረሰን።' ትሕትናቸው ገርሞን ነበር።"

ድጋፉ...

"እህቴ" አልኳት፣ "ድንጋይ ነው እኮ።"

"ምኑ?"

"ድጋፉ። ከበሩ ሥር ነው ያለው።"

ሳቅ ሰማሁ፣ አፍን በእጅ ይዞ የሚሳቅ ዓይነት። ቀጥሎ፣ ሳትስቅ፦ "ይቅርታ። በእውነት ይቅርታ። አንድ ነገር እናደርጋለን።"

ኅዳር 21

ጋሼን ጠየቅኳቸው።

"ድጋፍ አላችሁ ወይ አለችኝ፣ አለን አልኳት። ልዋሽ ኖሯል?"

"ጋሼ! ስለ ድንጋዩ የምትጠይቅዎት መሰለዎት?"

"ታዲያ ስለ ምን? ከዚያ ሁሉ አገር ደውላ ለበራችን ማሰቧ ገርሞኝ ነው እንጂ። 'ከየት አገኛችሁት?' ስትለኝ፣ ወፍጮ ቤት ሲፈርስ ጣሉልን አልኳት።"

"እሷስ?"

"'እንዲህ ያለ የአካባቢ ትብብር ደስ ይላል' አለች።"

ፋርማሲስቷ ሳቋ አላስቆም ብሏት ጣውላው ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ተቆጡ። "ዋናው፣ ዋናው እያላችሁ! እኔ መዋኘት አልችልም። ዋና የሚችል ያናግራቸው!"

ሳቅን። መንገድ ላይ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። ሰዉ አንድ በአንድ ሲተወን፣ እኛ እዚህ "ረሱን" ስንል፣ እነሱ እዚያ "ደህና ናቸው" ሲሉ። በአንድ ቃል ምክንያት። ስንት ሰው ይሆን በዓለም ላይ ከአንድ ቃል ወዲህና ወዲያ ቆሞ የሚኮራረፈው?

ታኅሣሥ 2

ከዋናው ካርቶን መጣ። ትልቅ። ጋሼ በቢላ ቀደዱት።

ኮፍያ። "በጎ ፈቃደኛ" የሚል ኮፍያ፣ ታጭቆ። ያንኑ የሚል ረጅም ጨርቅ። መቅረጫ የለም።

ጋሼ አንዱን አጠለቁ። "ይኸው፣ ጭንቅላቴ ተደገፈ።"

ጨርቁን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ማስተጋባቱን ትንሽ ዋጥ አደረገው። ለዚያ እንዳልላኩት እርግጠኛ ነኝ።

ታኅሣሥ 3

"ኮፍያ ላኩልን" አልኳት።

"ማንበብ ይችላል?" አለች እትዬ።

ታኅሣሥ 12

ትኬት መቁረጫው ላይ አንገቴን ሳላቀና፣ "የት?"

"ድንጋዩ ጋ" አለኝ አንድ ድምፅ።

በድምፅዋ አወቅኳት። የስልኳ ሴት። ራሷ መጥታለች፣ በጠዋቱ መኪና፣ ቦርሳዋን አቅፋ።

የሥራ ባልደረባዬን ተካኝ ብዬ ለምኜ አናጢው ጋ ወሰድኳት። ጥግ ላይ ባለች ጣውላ ተቀመጠች። ዝም። የሞተውን መቅረጫ ፊታችን አስቀምጠን እንደምንቀዳው እንድናነብ ብቻ ጠየቀችን። አነበብን። ቁልፍ ቀራጩ ሲጮህ አየች፣ በሩን አየች፣ ድጋፉን ዞር ብላ አየችው። ጋሼ በጆሮዬ፣ "እመት ዝም ምን ፈልገው ነው?"

በመጨረሻ ተናገረች። "ኮፍያው የእኛ ስህተት ነው። ሳንጠይቅ ላክን። ስንጠይቅ ደግሞ በእኛ ቃል ጠየቅን።"

ከዚያ ዋናው ነገር። አንድ መቅረጫ አላት። ሁለት ቡድን ፈልጎታል። እስከ የካቲት መጨረሻ ታውሰናለች። እነሱ ዘንድ የሚያዳምጡት ሰዎች ቅጂያችንን ከወደዱት ይቀራል፣ በመንገዱ ጫጫታ ከተማረሩ ግን... አልጨረሰችውም። በሩ መዘጋት አለበት። ተዘግቶስ ሰው እንዴት ይተንፍስ?

ልትነሳ ስትል፦ "ለመሆኑ ማን ነው የሚያዳምጣችሁ?"

"ሕዝቡ" አልኩ። እንደ መነኻሪያ።

"አንድ ሰው። የምታውቁት።"

ፋርማሲስቷ አየችኝ። ጫማዬን አየሁ።

ታኅሣሥ 13

የዋናዋ ሴት ቤታችን መጣች። ከመመለሷ በፊት።

"ልግባ?"

"አይገባም" አለች እትዬ ከውስጥ።

"እሺ፣ እዚሁ ነኝ።" ኮሪደሩ ላይ፣ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ለቀሚሷ ሳትሳሳ። "ሲያነቡልዎት ምን ያስቸግርዎታል?"

አበቃ አልኩ በልቤ። ከዚያ ያ ድምፅ... ከብዙ ጊዜ በኋላ ያ የአስተማሪነቷ ድምፅ።

"ያቺን ልጅ ቀስ በይ በሏት። ወንድሜ ደግሞ አንቀጽ ሲጨርስ ድምፁን የሚያነሳው አውቶቡስ ሊያስነሳ ነው? ምዕራፍ አሥራ አንድ ላይ ገጽ ዘሏል። ልጅቷ ሳትታጭ አገባች!"

ዘልያለሁ? (ዘልያለሁ። አየሁት። ሁለት ገጽ ተጣብቆ ነው።)

"ይህን ሁሉ እስከዛሬ ለምን ዝም አሉ?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ሴትዮዋ ወደ እኔ አልዞረችም። ደግ ናት። "እንግዲያው ከአሁን ወዲያ ወደ እኛ ከመላኩ በፊት እርስዎ ይስሙት። ያላለፈ አይላክ። በሌሎቹም ቡድኖች እንዲህ እንዲሆን ስንመኝ ነበር፣ ከየት እንደምንጀምር ጠፍቶን እንጂ።"

በሩ አልተከፈተም። ወንበሯን ወደ በሩ ስታስጠጋ ግን ሰምቻለሁ።

ታኅሣሥ 15

አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን። "ምን ጎደለሽ?" ብያት አላውቅም። ምግብ ይጎድላት እንደሆን ጠይቄያለሁ፣ ብርድ ልብስ ይጎድላት እንደሆን። እኔም ኮፍያ ነው ስልክላት የኖርኩት።

ታኅሣሥ 27

መቅረጫው ደርሷል። ትንሽ፣ ጥቁር። ለመንካት እፈራዋለሁ።

ከእሱ ጋር የላከችው ወፍራም ስፖንጅና አንድ ስልክ ቁጥር ነው። "በሌላ ከተማ ያለ አንድ ቡድን ክፍሉ እንደ እናንተው መስኮት አልነበረውም። ደውሉላቸው።" እኔ አፈርኩ። ጋሼ ነጠቁኝ።

"ሃሎ! ማን ልበል?... ግንበኛ? አይ እንግዲህ! ግንበኛ ስለ እንጨት ምን አውቆ ነው?"

አሁን ተጣሉ ብዬ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ጋሼ ግን ቀስ በቀስ ድምፃቸው ወረደ። "እ... እ... ቆይ፣ እርሳስ ላምጣ።" እርሳሱ ጆሯቸው ላይ ነበር። ጣውላው ላይ መሳል ጀመሩ። ሻያቸው ቀዘቀዘ። ሲዘጉ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል።

"ሳጥን ነው። ውስጡ እየታጠፈ የሚሄድ፣ በስፖንጅ የተለበጠ። ጣሪያው ሥር እንቀብረዋለን። አየሩ እየተጣመመ ይገባል፣ ድምፁ መንገድ ላይ ይደክመዋል።"

"ይኸው ነው እንዴ ድጋፍ?" አለች ፋርማሲስቷ፣ "ስልክ ቁጥር?"

"ከድንጋዩ ይቀላል" አሉ ጋሼ።

ጥር 8

ሳጥኑ ተተከለ። ጋሼ አዲስ እጀታም ገጠሙ፣ የስንቱን በር ሠርተው የራሳቸውን ገና ዛሬ። ስናርፍ በሩን በድጋፉ እንከፍታለን፣ ስንቀዳ ድጋፉን አንስተን እንዘጋለን።

ዘግቼ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ቁልፍ ቀራጩ የለም፣ መንገዱ የለም። በሕይወቴ እንዲህ ባለ ጸጥታ ውስጥ ተናግሬ አላውቅም። የመጀመሪያው ቃል አልወጣም። ጆሮዬ ውስጥ የራሴ ልብ። ይሄም ይቀዳ ይሆን?

እትዬን አሰብኩ። አይ፣ እሷን አላሰብኩም። ያቺን ለቆርቆሮው እጇን ያወዛወዘችውን አሰብኩ። ከዚያ አነበብኩ።

ጥር 17

እትዬ ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝን መለሰች። "ይደገም። ጉንፋን ይዞሃል።" ሃያን አሳለፈች። ሃያ አንድን ለፋርማሲስቷ መለሰች።

ልጅቷ አኮረፈች። "ደመወዝ አይከፈለኝ!" ከዚያ ራሷ ቤት መጣች፣ መጽሐፉን ይዛ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አነበበች።

"ተንፍሺ" ይላል በሩ። "ነጠላ ሰረዙ ላይ ተንፍሺ፣ የኔ ልጅ። የሚጠብቅሽ በሽተኛ የለም።"

ሁለት የድሮ አንባቢዎቻችን ተመልሰዋል። አንዱ ሲገባ ያለው፣ "ኮፍያ ሰጡ ሲሉ ሰምቼ..." ጋሼ በደስታ ሁለት ደረቡበት።

ጥር 25

እትዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ውሃ ልትጠጣ መሆኑን ተናገረች። ውሃ አልጠጣችም።

የካቲት 2

እንቅልፍ እንቢ እያለኝ ነው። የካቲት መጨረሻ እየመጣ ነው። መቅረጫውን መልሱ ቢሉንስ? የእትዬን በር ማን ይመልሰዋል ወደ ነበረበት... ማለቴ፣ እንዳይመለስ ማን ይይዘዋል?

የካቲት 6

መጽሐፉ አለቀ። የመጨረሻው ምዕራፍ የእኔ ነበር። የሰዓት ሠሪው ልጅ ሱቁን ዘግታ ትሄዳለች።

እትዬ እስከ መጨረሻው ሰማች። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ ሴትዮዋ በተቀመጠችበት። በሩ ተከፈተ። ቆማለች። ፊቷን ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"አላዘንክም" አለች። "ጎበዝ። ላከው።"

የካቲት 19

ደወለች፣ የዋናዋ ሴት። እዚያ ያሉት አዳምጠዋል። መቅረጫው የእኛ ነው። ቀጣዩን መጽሐፍም እኛው እንምረጥ። ስልኩን ዘግቼ ትኬት የሚጠብቀውን ሰውዬ "መልካም መንገድ" አልኩት፣ የት እንደሚሄድ እንኳ ሳልጠይቀው።

ሌላም ነገር ብላለች። ለሌሎቹ ቡድኖች የሚላክ አንድ ቅጂ ፈልጋለች። ከአንባቢ ሳይሆን ከአድማጭ። እህትዎ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ በራሳቸው ድምፅ፣ የፈለጉትን።

ለእትዬ ነገርኳት። አሁን "አይሆንም" ትላለች... አሁን...

"እዚያ መንገዱ ጠጠር ነው?"

"አዎ፣ መጨረሻው ላይ።"

"ጫማዬን ፈልግልኝ። ቡናማውን።"

የካቲት 21

በሩ ላይ ክንዷን ያዝኳት። እጄን አላቀቀችው። "አንተ አትያዘኝ። እኔ ልያዝህ።" ክርኔን ያዘች። አንድ እርምጃ እየቀደምኩ ሄድኩ። ግቢውን፣ ከዚያ መንገዱን። አንድ ጊዜ ቆመች። ደከመሽ ልል ስል አፌን ያዝኩ። ፀሐዩን ነው፣ ፊቷን ሰጥታው።

ወርክሾፑ ጋ ስንደርስ ቁልፍ ቀራጩ ማሽኑን አስነሳ። ጣቶቿ ክርኔ ላይ ጠበቁ፣ ከዚያ ላሉ።

"ይሄ ነው እንዴ! ምዕራፍ ሦስት ላይ የነበረው!"

ሰውዬው ግራ ገብቶት አየን።

ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀበሏት። "እንኳን ደህና መጡ፣ የኔታ። ያለ እርስዎ ፈቃድ እዚህ ቤት ምስማር አንመታም።" ፋርማሲስቷ ወንበሩን ጠራረገች፣ መጋዙን አሸሸች፣ እሷ ስትፈጥን ጊዜ እትዬ "ተንፍሺ" አለቻት።

መግቢያው ላይ ቡናማው ጫማ ድንጋዩን ነካ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ድጋፉ" አሉ ጋሼ። "ከበቂ በላይ ነው።"

ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። ጠርዙን፣ የወፍጮውን መስመሮች፣ ቀስ እያለች፣ እንደምታነበው። ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜ... አላስታውስም።

አስቀመጥኳት። መቅረጫውን ፊቷ አስጠጋሁ። ጣቷን ወስጄ ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። "ስትጫኚው ይጀምራል። ስትጨርሺ እንደገና።"

"ገባኝ። ውጣ።"

"ብቻሽን?"

"ስታነብልኝ ብቻህን አልነበርክ?"

"ምን ልትያቸው ነው ግን?"

"በሩን" አለች።

ጋሼና ፋርማሲስቷ ውጭ ቆመዋል፣ እንደ ሐኪም ቤት። ድጋፉን በሁለት እጄ አነሳሁ። በሩ ተዘጋ።